«ሜሞሪ አነሰኝ» የሚል ኮምፒውተር፦ ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት

ድሬዳዋ ውስጥ ከከዚራ እስከ ሳቢያን ባሉ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች፣ የፎቶ ስቱዲዮዎችና የሒሳብ ቢሮዎች አንድ ዓይነት እሮሮ ይሰማል። ሥራ መሃል ላይ ስክሪኑ ላይ ትንሽ ሳጥን ብቅ ትላለች። «ዩር ኮምፒውተር ኢዝ ሎው ኦን ሜሞሪ» የሚል ተጽፎባታል። ዊንዶውሱ አሮጌ ከሆነ ደግሞ «ሎው ቨርቹዋል ሜሞሪ» ይላል። ከዚያ ወርዱ ሃንግ ያደርጋል፣ ክሮሙ ነጭ ይሆናል፣ ማውሱ አልታዘዝ ይላል። ባለቤቱ ላፕቶፑን ይዞ ወደ ጠጋኝ ይሮጣል። እዚያ የሚጠብቀው መልስ አብዛኛውን ጊዜ «ፎርማት ይደረግ» ነው፤ ዲስኩ ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫን ማለት ነው።

ፎርማት ለጊዜው ያቃልለው ይሆናል። ፕሮግራሞቹ ተመልሰው ሲጫኑና ዲስኩ ሲሞላ ግን ሳጥኗም ትመለሳለች። እስከዚያው ድረስ ባክአፕ ያልተደረገ ፋይል ጠፍቷል፣ ፓስወርድ ተረስቷል፣ ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ፕሮግራም እንደገና የሚጭን ሰው እየተፈለገ ነው። እኔ የምለው ቅደም ተከተሉን ጠብቁ ነው። መጀመሪያ ሜሞሪውን ማን እየበላው እንደሆነ እወቁ። ማስፋቱም ሆነ መግዛቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ቨርቹዋል ሜሞሪ ምንድን ነው?

ቀፊራ ገበያ ያለች ትንሽ ሱቅ አስቡ። ደንበኛ ቶሎ ቶሎ የሚጠይቀው ዕቃ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። የማይቸኮልበት ከኋላ መጋዘን ይገባል። ራም፣ ማለትም ኮምፒውተሩ አሁን የሚሠራበትን ነገር የሚይዝበት ፈጣን ሜሞሪ፣ መደርደሪያው ነው። መጋዘኑ ደግሞ ዊንዶውስ ዲስኩ ላይ ለራሱ የያዘው «ፔጅ ፋይል» የሚባል ትልቅ የተደበቀ ፋይል ነው። ዊንዶውስ ለፕሮግራሞች የሚያከፋፍለው ቦታ የሁለቱ ድምር ነው።

ራሙ ብቻ ሲሞላ ኮምፒውተሩ ይዘገያል እንጂ ሥራውን አያቆምም። ያቺ ሳጥን የምትመጣው ድምሩ ራሱ ወደ ጣሪያው ሲጠጋ ነው። ይህ የሚሆነው ደግሞ አንድ ፕሮግራም ከልኩ በላይ ሲበላ፣ ሲ ድራይቭ (ዊንዶውሱ ያለበት የዲስክ ክፍል) ሞልቶ ፔጅ ፋይሉ የሚያድግበት ቦታ ሲያጣ፣ ከዚህ በፊት የሆነ ሰው ፔጅ ፋይሉን አሳንሶት ወይም አጥፍቶት ሲሄድ፣ አለዚያም ራሙ ለያዛችሁት ሥራ በእውነት ሲያንስ ነው።

ሳጥኗ ብቅ ስትል

ምርመራው ይቆይና መጀመሪያ ሥራችሁን ሴቭ አድርጉ። ኮንትሮልንና ኤስን አንድ ላይ ጫኑ። አዲስ ነገር አትክፈቱ። ያልተቀመጠ ሥራ የሌለባቸውን ፕሮግራሞች አንድ በአንድ ዝጉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይናደድና የፓወር ቁልፉን ተጭኖ ይይዛል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። የሒሳብ ፕሮግራም ክፍት እያለ ኮምፒውተር በግድ ከተዘጋ ዳታው ሊበላሽ ይችላል።

ከዚያ ሪስታርት አድርጉ። ልብ በሉ፣ ሪስታርት ነው ያልኩት፤ ሻት ዳውን አላልኩም። ዊንዶውስ 10 እና 11 «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባል አሠራር አላቸው፤ በብዙ ኮምፒውተር ላይ በርቶ ነው የሚገኘው። ሻት ዳውን ስትሉት የዊንዶውሱን እምብርት ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይዘጋል። በነጋታው ስታበሩት ካቆመበት ይቀጥላል። አንድ ድራይቨር (እንደ ፕሪንተር ያለ ዕቃን ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ሜሞሪ ይዞ አልለቅም ብሎ ከነበረም ያው እንደያዘ ያድራል። ሪስታርት ግን ሁሉንም ከዜሮ ያስጀምራል። «ማታ ማታ እዘጋዋለሁ፣ ታዲያ ለምን ይሞላል?» ለሚሉ ሰዎች መልሱ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው።

ሙቀት ነው ወይስ ሜሞሪ?

የድሬ ሰው ኮምፒውተሩ ሲዘገይ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሙቀቱን ነው። በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ማን ይፈርድበታል? ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ይህ እውነት ነው። ሙቀት ግን «ሜሞሪ አነሰ» የሚል ጽሑፍ አያወጣም። ማራገቢያው እየጮኸ፣ የላፕቶፑ ሆድ እየፈላ፣ ቀጥሎ የማሳያችሁ የሜሞሪ ቁጥር ግን ዝቅ ያለ ከሆነ፣ ጉዳዩ የአቧራና የማራገቢያ ነው። አስጠርጉት፤ የዚህ መመሪያ ቀሪው ክፍል አይመለከታችሁም። ሐረር ያላችሁ ወይና ደጋው ስለሚያግዛችሁ ይህ ጥርጣሬ ያን ያህል አይመጣባችሁም። የሜሞሪው ጉዳይ ግን እናንተም ጋ ያው ነው።

በላተኛውን መፈለግ

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ጫኑ። ታስክ ማኔጀር ይከፈታል። «ፐርፎርማንስ» የሚለውን፣ ከዚያ «ሜሞሪ» የሚለውን ምረጡ። ግራፉን ለጊዜው ተዉትና ከሥሩ «ኮሚትድ» የሚለውን ፈልጉ። በሕዝባር የተከፈሉ ሁለት ቁጥሮች ታያላችሁ፤ ለምሳሌ 4.6/4.9። የግራው አሁን የተያዘው ነው፤ የቀኙ ጣሪያው ነው። በዚህ ምሳሌ ኮምፒውተሩ አፋፍ ላይ ነው።

ከቀኙ ቁጥር ላይ የራማችሁን መጠን ቀንሱ። የሚቀረው በግምት የፔጅ ፋይላችሁ መጠን ነው። 4 ጊጋ ራም ያለው ኮምፒውተር ጣሪያው 4.9 ከሆነ ፔጅ ፋይሉ 1 ጊጋ ገደማ ብቻ ነው። ይህ ትንሽ ነው። ምክንያቱ ወይ የዲስክ መሙላት ነው፣ ወይ አንድ ሰው ነካክቶታል።

አሁን «ፕሮሰስስ» ወደሚለው ሂዱና «ሜሞሪ» የሚለውን ርዕስ ክሊክ አድርጉ። ትልቁ በላተኛ ወደ ላይ ይወጣል። ብዙ ሰው እዚህ ያቆማል፤ እኔ ግን አንድ እርምጃ እንድትጨምሩ እፈልጋለሁ። ይህ ዓምድ የሚያሳየው በራም ላይ ያለውን ነው። ወደ ፔጅ ፋይል የተገፋውን አያሳይም። «ዲቴልስ» የሚለውን ክፈቱ፣ ከዓምዶቹ ርዕስ በአንዱ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጉ፣ «ሴሌክት ኮለምንስ» በሉና «ኮሚት ሳይዝ» የሚለውን ምልክት አድርጉበት። በእሱ ስትደረድሩት ራም ላይ ትንሽ መስሎ የተደበቀ በላተኛ ራሱን ያወጣል።

አንድ ጊዜ አይቶ መፍረድም አይበቃም። ጠዋት ሥራ ስትጀምሩ ቁጥሩን መዝግቡ። ከቀትር ዕረፍት ስትመለሱ እንደገና እዩት። ምንም አዲስ ሥራ ሳትሰጡት ቁጥሩ ያለማቋረጥ የሚያድግ ፕሮግራም ካለ ሜሞሪ እየወሰደ አይመልስም ማለት ነው። አፕዴት አድርጉት፤ ካልተስተካከለ አውጡትና በሌላ ተኩት። ለእንዲህ ዓይነቱ ፕሮግራም ፔጅ ፋይል ማስፋት ጊዜ መግዛት ብቻ ነው። የሰጣችሁትን ሁሉ ይጨርሰዋል።

ሳጥኗ ስትመጣ እናንተ ካልነበራችሁስ? ዊንዶውስ ራሱ መዝግቦታል። ስታርት ላይ «ኢቨንት ቪወር» ብላችሁ ፈልጉ። «ዊንዶውስ ሎግስ» ውስጥ «ሲስተም» የሚለውን ክፈቱ። በቀኝ በኩል «ፊልተር ከረንት ሎግ» የሚል አለ፤ የኢቨንት ቁጥር በሚጠየቅበት ቦታ 2004 ጻፉ። ቨርቹዋል ሜሞሪው ባነሰ ጊዜ ብዙ ይዘው የነበሩትን ፕሮግራሞች በስም ከነመጠናቸው ያሳያችኋል። መጠኑ የተጻፈው በባይት ነው። የመጨረሻዎቹን ዘጠኝ አኃዞች ብትደብቁ ፊት የሚቀረው በግምት ጊጋ ነው። ይህን መዝገብ ሳያዩ ፎርማት የሚያዙ ጠጋኞች መኖራቸው በጣም ያሳዝነኛል። መልሱ እኮ እዚያው ተቀምጧል።

ደጋግመው የሚገኙት

ክሮም ዋናው ነው። እያንዳንዱ ታብና እያንዳንዱ ኤክስቴንሽን (ክሮም ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) የየራሱን ሜሞሪ ይይዛል። ክሮም ውስጥ ሆናችሁ ሺፍትና ኢስኬፕን ብትጫኑ የክሮም የራሱ ታስክ ማኔጀር ይከፈታል፤ የትኛው ታብ እንደሚበላ በስም ታያላችሁ። ሴቲንግስ ውስጥ «ፐርፎርማንስ» የሚለው ጋ ገብታችሁ «ሜሞሪ ሴቨር»ን አብሩት። የማትጠቀሙባቸውን ኤክስቴንሽኖች አውጧቸው።

ሁለተኛው ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብረው የሚነሱት ናቸው። ታስክ ማኔጀር ላይ «ስታርትአፕ» የሚለውን ክፈቱ። ስቲም፣ የፕሪንተር ረዳት፣ የማታውቁት አፕዴተር፤ የማያስፈልገውን «ዲሴብል» በሉት። ፕሮግራሙ አይጠፋም፤ ስትፈልጉት ብቻ ይከፈታል።

ፀረ ቫይረስ ሁለት አትጫኑ። ሁለቱም እያንዳንዱን ፋይል ሲያዩ ሜሞሪውንም ፍጥነቱንም ይሻሙታል። ለአብዛኛው ሰው ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ዲፌንደር ይበቃል። ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር የጫናችሁ ወይም ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ፍላሽ የምትሰኩ ከሆነ ደግሞ ቫይረስን ጠርጥሩ። በእናንተ ኮምፒውተር ለሌላ ሰው ክሪፕቶ (ዲጂታል ገንዘብ) የሚያመርት ስውር ፕሮግራም አብሮ ሊገባ ይችላል። «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ» ውስጥ «ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን»፣ ከዚያ «ስካን ኦፕሽንስ» በሉና «ኦፍላይን ስካን» የሚለውን አስጀምሩ። ኮምፒውተሩ ራሱ ሪስታርት አድርጎ ዊንዶውስ ሳይነሳ ይፈትሻል፤ 15 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) ላይ ይሁን፤ መብራት መሃል ላይ ቢሄድ ጥሩ አይደለም።

የሠርግ አልበም የምትሠሩ የፎቶ ስቱዲዮ ሰዎች ፎቶሾፕ ላይ «ፕሪፈረንስስ» ውስጥ «ፐርፎርማንስ»ን ክፈቱ። ፎቶሾፕ ከራሙ ምን ያህል እንዲይዝ እንደተፈቀደለት በመቶኛ ተጽፏል። 90 ያደረጋችሁት ካላችሁ ወደ 70 መልሱት። «ስክራች ዲስክስ አር ፉል» የሚለው መልእክት ከያዝነው ጉዳይ የተለየ ነው። እሱ የዲስክ ቦታ ጥያቄ ነው።

ሲ ድራይቭን ማስተንፈስ

ፔጅ ፋይል የሚቀመጠው ሲ ድራይቭ ላይ ነው። ሲ ሞልቶ ቀይ ከሆነ ፔጅ ፋይሉ ማደግ አይችልም። እኛ ጋ የሚሸጡ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ደግሞ ዲስካቸው ለሁለት ተከፍሎ ሲ ትንሽ፣ ዲ ትልቅ ሆኖ ይመጣል። ሁሉም ነገር ሲ ላይ ይከመራል፤ ዲ ባዶውን ይቀመጣል።

ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ከዚያ «ስቶሬጅ» በሉ። «ቴምፖራሪ ፋይልስ» ውስጥ ያለውን አጥፉ። «ዳውንሎድስ» የሚለው እዚያ ዝርዝር ውስጥ ካለ ግን ምልክቱን አንሱ፤ ሰው የሚፈልገው ፋይል እዚያ ነው የሚቀመጠው። ቀጥላችሁ ቴሌግራምን እዩ። ዴስክቶፕ ቴሌግራም ከየግሩፑና ከየቻናሉ ያያችሁትን ፎቶና ቪዲዮ ሲ ላይ ያከማቻል። ሴቲንግስ፣ አድቫንስድ፣ «ማኔጅ ሎካል ስቶሬጅ» ገብታችሁ አጽዱትና ጣሪያ አብጁለት። እዚያው ገጽ ላይ ፋይሎች በራሳቸው እንዳይወርዱ ማድረግ ይቻላል። ዳውንሎድስ ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚል ፎልደር አለ። ፊልሞቹ በሙሉ እዚያ ናቸው። ወደ ዲ ውሰዷቸው።

ሲ ላይ ቢያንስ ከ15 እስከ 20 ጊጋ ነፃ ቦታ እንዲቀር አድርጉ። ይህን ብቻ አድርገው የተገላገሉ ብዙ ናቸው።

ቨርቹዋል ሜሞሪውን ማስተካከል

አሁን ወደ ዋናው ሴቲንግ እንግባ። የአድሚን መብት ያለው አካውንት ላይ ሁኑ።

1. ስታርትን ክፈቱና «ቪው አድቫንስድ ሲስተም ሴቲንግስ» ብላችሁ ፈልጉ፤ ክፈቱት።
2. «አድቫንስድ» የሚለው ታብ ላይ «ፐርፎርማንስ» ከሚለው ሥር «ሴቲንግስ»ን ጫኑ።
3. በሚመጣው መስኮት ላይም «አድቫንስድ» የሚል ታብ አለ። እሱን ምረጡና «ቨርቹዋል ሜሞሪ» ከሚለው ሥር «ቼንጅ» በሉ።
4. ከላይ «አውቶማቲካሊ ማኔጅ ፔጂንግ ፋይል ሳይዝ ፎር ኦል ድራይቭስ» የሚል ሳጥን አለ። ምልክት እንዳለበት እዩ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ምልክት ከሌለበት ችግራችሁን አግኝታችኋል ማለት ይቻላል። የሆነ ሰው ነክቶታል። ሲ ላይ በቂ ቦታ ካላችሁ ምልክቱን መልሱ፣ ኦኬ በሉ፣ ሪስታርት አድርጉ። አለቀ። ለብዙው ሰው የምመክረው ይህንኑ ነው። ዊንዶውስ እንደየፍላጎቱ ራሱ ያሳድገዋል፣ ራሱ ያሳንሰዋል።

በእጅ መወሰን የሚያስፈልገው ሲ ድራይቭ ጠባብ ሲሆን ወይም አውቶማቲኩ ለከባድ ሥራ ሳይበቃ ሲቀር ነው። ያኔ እንዲህ ቀጥሉ።

5. ምልክቱን አንሱ። ከዝርዝሩ ድራይቩን ምረጡ፤ ሲ ጠባብ ከሆነ ዲን።
6. «ከስተም ሳይዝ»ን ምረጡ። ቁጥሩ የሚጻፈው በሜጋ ባይት ነው፤ 1 ጊጋ 1024 ሜጋ ነው። 4 ጊጋ ራም ላለው «ኢኒሻል» 4096፣ «ማክሲመም» 8192 ጥሩ መነሻ ነው። 8 ጊጋ ራም ላለው 4096 እና 16384 ስጡት።
7. «ሴት» የሚለውን ቁልፍ ጫኑ። ብዙ ሰው ይህን ይረሳና በቀጥታ ኦኬ ይላል፤ ከዚያ ምንም አልተቀየረም። ከዝርዝሩ ላይ አዲሱ ቁጥር ከድራይቩ ጎን መጻፉን እዩ።
8. ኦኬ በሉ፣ ሪስታርት አድርጉ። ታስክ ማኔጀር ላይ ተመልሳችሁ የኮሚትድ የቀኙ ቁጥር ማደጉን አረጋግጡ።

ወደ ዲ ስትወስዱት ሲ ላይ ያለውን ሙሉ በሙሉ አታጥፉ። 1024 ያህል ተዉለት። ኮምፒውተሩ ሰማያዊ ስክሪን አውጥቶ ሲወድቅ የውድቀቱን መዝገብ የሚጽፈው በዚያ በኩል ነው። ሲ እና ዲ የአንድ ዲስክ ክፋዮች ከሆኑ ደግሞ ፍጥነት አትጠብቁ፤ የምታገኙት ቦታ ነው። ሃርድ ዲስካችሁ የቆየው የሚሽከረከረው ዓይነት ከሆነ ፔጅ ፋይል ላይ የተደገፈ ሥራ ይንቀራፈፋል። ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረውን ፈጣን ዲስክ) ማስገባት ይህን በእጅጉ ይለውጠዋል።

ዩቲዩብ ላይ የሚመከሩ ሦስት ነገሮችን አትሞክሩ። ፍላሽ ሰክቶ «ራም ማድረግ» ጣሪያውን አንድ ስንዝር አያሳድገውም። «ራም ክሊነር» የሚባሉት ደግሞ ከራም ላይ ያለውን ወደ ፔጅ ፋይል ይገፉታል፤ ፕሮግራሙ ሲፈልገው ተመልሶ ይመጣል፣ የተረፋችሁ መዘግየት ነው። «ለፍጥነት» ብሎ ፔጅ ፋይልን ማጥፋት ሳጥኗን ራሱ መጥራት ነው።

ራም መጨመር

ሁሉንም አስተካክላችሁ፣ ክፍት የሆነው የምር የምትሠሩበት ብቻ ሆኖ፣ ራሙ አሁንም ሁልጊዜ ከ90 በመቶ በላይ ከሆነ፣ ራም ግዙ። ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ቤታችሁ ሁለት ነገር አጣሩ።

አንደኛ፣ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ «አባውት» ላይ «ሲስተም ታይፕ» የሚለውን እዩ። 32 ቢት ካለ ዊንዶውሱ ከ4 ጊጋ በላይ ራም መጠቀም አይችልም። 8 ጊጋ ብታስገቡ ገንዘባችሁ ባከነ። ፕሮሰሰሩ 64 ቢት ከሆነ መጀመሪያ ዊንዶውሱ ወደ 64 ቢት ይቀየር፤ ፎርማት የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው። ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ ወደ 11 ለመሄድ ያሰባችሁም ትኖራላችሁ። ማይክሮሶፍት ለ11 ያስቀመጠው ዝቅተኛ ራም 4 ጊጋ ነው። በእኔ እምነት ግን በ4 ጊጋ 11ን መጫን ራስን መቅጣት ነው፤ 8 ይሁን።

ሁለተኛ፣ ታስክ ማኔጀር ውስጥ ሜሞሪ ሥር «ስሎትስ ዩዝድ»ንና «ስፒድ»ን አንብቡ። «1 ኦፍ 2» ካለ ክፍት ቦታ አላችሁ ማለት ነው። ስፒዱ የራሙን ዓይነት ይነግራችኋል፦ 1333 ወይም 1600 ከሆነ ዲዲአር 3 የሚባለው ነው፤ ከ2133 እስከ 3200 ከሆነ ዲዲአር 4፤ 4800ና ከዚያ በላይ ከሆነ ዲዲአር 5። አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ ጥርሱ ይለያያል። የላፕቶፕና የዴስክቶፕ ራምም መጠናቸው የተለያየ ነው። አንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ራሙ ቦርዱ ላይ ተበይዷል፤ መጨመር አይቻልም።

ዲዲአር 3 ላፕቶፕ ካላችሁ ራሙን አስወጥታችሁ የተለጠፈበትን አንብቡ። ቁጥሩ ላይ ከ3 ቀጥሎ ኤል ፊደል ካለ በ1.35 ቮልት የሚሠራው ነው፤ ከሌለ 1.5 ቮልት ነው። 1.35 ብቻ የሚቀበል ላፕቶፕ በ1.5ቱ አይነሳም። ድሬ ያለው ታይዋን ገበያ ስትሄዱ አሮጌውን ራም ወይም የስቲከሩን ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ፤ በቃል ከመግለጽ ያድናል። ከተቻለ ላፕቶፑንም ይዛችሁ እዚያው አስገጥማችሁ አስነሱት።

ቤት ስትመለሱ «ዊንዶውስ ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ» ብላችሁ ፈልጉና አስጀምሩት። ሪስታርት አድርጎ ራሙን ይፈትሻል፤ ውጤቱን ዊንዶውስ ሲነሳ ያሳያችኋል። ስህተት ካገኘ ራሙን ሳታቆዩ ወደ ገዛችሁበት ሱቅ መልሱት። ለዚህም ስትገዙ ደረሰኝ መቀበልና የመመለሻውን ቀን መነጋገር አትርሱ።